ከመጨረሻው ብርጭቆ እስከ አልጋው፦ በናፓና በሶኖማ ማረፊያ ስመርጥ የተማርኩት

እ.ኤ.አ. በ2018 የጋብቻችን አሥረኛ ዓመት ሲደርስ ልጆቹን እህቴ ጋ አስቀምጠን ሁለት ሌሊት ብቻችንን ለማሳለፍ ወሰንን። የምንኖረው ከሳን ፍራንሲስኮ ብዙም ሳይርቅ ስለሆነ "ናፓ እንሂድ" ለማለት ጊዜ አልፈጀብንም። ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፈናል፣ አድረንበት ግን አናውቅም ነበር። ናፓና ጎረቤቷ ሶኖማ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ያሉ፣ በወይን ጠጃቸው የታወቁ የካሊፎርኒያ አካባቢዎች ናቸው። ማረፊያ የመፈለጉ ሥራ የእኔ ሆነ። ያን ሥራ እንዴት እንዳበላሸሁት፣ በሁለተኛውም ጉዞ ሌላ ስህተት እንዴት እንደሠራሁ፣ በኋላም እንዴት እንደተቃናልኝ ልንገራችሁ። ዘመድ ወዳጅ ወደዚያ ሊሄድ ሲያስብ መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው፤ እዚህ የምጽፈውም ለእነሱ በስልክ የምነግራቸውን ነው።

መጀመሪያ ልቤን የወሰደው አንድ ፎቶ ነው። በወይን ማሳ መሀል ብቻዋን የቆመች ነጭ ቤት፣ በረንዳዋ ላይ ሁለት ወንበር፣ ከበስተጀርባ ተራራ። አድራሻው "ናፓ" ይላል፤ ሌላ ነገር አልጠየቅኩም፣ ሙሉውን ከፈልኩ። ልንሄድ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረን አከራዩ ሰረዘው። ገንዘባችንን መለሰልን፤ ምክንያቱን ስጠይቅ ግን "ከካውንቲው ጋር ችግር ገጥሞኛል" ከማለት ሌላ አልነገረኝም፤ ካውንቲ ማለት እንደ አውራጃ ያለ የአካባቢ አስተዳደር ነው። ቆይቼ ሳጣራ ነው የገባኝ። ናፓ ካውንቲ ከከተሞቹ ክልል ውጭ ባለው የእርሻ መሬት ላይ ቤትን ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ ማከራየትን ይከለክላል። መሬቱ ለእርሻ እንዲቀር ስለሚፈልጉ ሕጉን ጠበቅ አድርገው ነው የያዙት። በናፓ ከተማ ውስጥ ፈቃድ ያላቸው የሚከራዩ ቤቶች አሉ፣ ቁጥራቸው ግን የተወሰነ ነው። ስለዚህ በማሳ መሀል የቆመ ቤት ለሁለት ሌሊት እንደሚከራይ የሚያሳይ ማስታወቂያ ስታዩ፣ ቦታው በከተማ ክልል ውስጥ መሆኑንና የፈቃድ ቁጥር እንዳለው ሳትጠይቁ ገንዘብ አትክፈሉ። ሶኖማ ካውንቲ ከዚህ ላላ ይላል፤ እዚያም ቢሆን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ጨርሶ የማይፈቀድባቸው ሰፈሮችም አሉ።

በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ለቅዳሜና እሑድ ክፍል መፈለግ ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። ያገኘሁት በናፓ ሸለቆ ውስጥ በምትገኘው በሴንት ሄሊና ከተማ ዳርቻ ያለ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ሲሆን መስኮቱ ወደ ወይን ማሳ የሚከፈት ነው። ለአንድ ሌሊት 289 ዶላር ይላል። ስንወጣ የቆረጡብን ግን በሌሊት 369 ነበር። 35 ዶላር "የሪዞርት ክፍያ" ተጨመረ፣ በሁሉም ላይ ደግሞ ወደ 14 በመቶ የሚጠጋ የማደሪያ ግብር አለ። ከጁላይ 2024 ወዲህ የካሊፎርኒያ ሕግ የግዴታ ክፍያዎች ሁሉ ከመጀመሪያው በዋጋው ውስጥ ተካተው እንዲታዩ ያስገድዳል፤ እንዲህ ያለው ድንጋጤ በመቀነሱ ደስ ብሎኛል። የመንግሥት ግብሩ ግን አሁንም መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ በናፓ በኩል ዛሬ ወደ 15 በመቶ ይጠጋል። ስታወዳድሩ የመጨረሻውን ገጽ ድምር ከመጨረሻው ገጽ ድምር ጋር አወዳድሩ። የመኪና ማቆሚያም አስገዳጅ አይደለም እየተባለ ለብቻው ሊከፈል ስለሚችል ጠይቁ።

ከዋጋው ይልቅ የጎዳን ግን ሌላ ነገር ነው። ማረፊያውን ሳላገኝ የወይን ጠጅ ቅምሻ ቀጠሮዎቹን አስቀድሜ ይዤ ነበር። በናፓ በቀጠሮ መሄድ የተለመደ ነው፤ ካውንቲው በ1990 ባወጣው ደንብ ከዚያ በኋላ የተከፈቱ ወይን ጠጅ ጠማቂዎች እንግዳ የሚቀበሉት በቀጠሮ ብቻ ነው። እኔም ስማቸውን የሰማሁትን ሁሉ፣ የት እንዳሉ ሳላይ ያዝኩ። አንዱ በደቡብ ጫፍ ካርኔሮስ፣ ሁለተኛው ዩንትቪል አጠገብ፣ ሦስተኛው ከሰዓት በኋላ በ9፡30 በሰሜን ጫፍ ካሊስቶጋ አካባቢ። በካርታ ስታዩት ሸለቆው ጠባብ ነው፤ ርዝመቱ 30 ማይል ገደማ፣ ስፋቱ ጥቂት ማይል። ነገር ግን ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚወስዱት ዋና መንገዶች ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሃይዌይ 29ና ሲልቨራዶ ትሬል። ሃይዌይ 29 ከዩንትቪል በስተሰሜን በየአቅጣጫው አንድ ረድፍ ብቻ ይሆናል። አብዛኞቹ የቅምሻ ቤቶች በአሥርና በአሥራ አንድ ሰዓት መሀል ስለሚዘጉ፣ እንግዳውም የሸለቆው ሠራተኛም በአንድ ጊዜ መንገዱ ላይ ይወጣል። የበዓላችንን ቀን ከፊሉን መኪና ውስጥ አሳለፍነው።

አሁን የምነግራችሁን ለብዙ ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም። የመጨረሻውን ቅምሻ ስንጨርስ ሁለታችንም ጠጥተናል። አንድ ቅምሻ ማለት አራት ወይም አምስት ዓይነት ወይን ጠጅ በትንሽ በትንሹ መቅዳት ነው፤ "ትንሽ ናት" ያላችኋት ተደምራ ሙሉ ብርጭቆ ወይም ከዚያ በላይ ትሆናለች፤ ሦስት ቦታ ስትዞሩ ደግሞ አስቡት። ባለቤቴ "ደህና ነኝ፣ ስምንት ማይል ናት" አለኝ። እኔም በስልክ ታክሲ ለመጥራት ሞከርኩ፤ በአካባቢው የነበረችው አንዲት መኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ትፈጃለች። ተስፋ ቆርጬ ገባሁ። በሲልቨራዶ ትሬል ስንወርድ ፀሐይ ከጎን ወጋችን፣ መኪናችንም ወደ ዳር ሸሸች። ዳሩ ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ነበር። አልነካነውም። ዞር ብሎ ሲያየን ያየሁት ፊት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

መኪናውን ወደ አንድ ማሳ በር ጠጋ አድርገን አቆምን። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ባለቤቴም ቁልፉን ነቅሎ በመሀላችን አስቀመጠው። እስኪጨልም ድረስ እዚያው ተቀመጥን፤ መጀመሪያ ተጣላን፣ ከዚያ አለቀስን፣ ከዚያ ዝም አልን። ታክሲዋ ስትመጣ መሽቶ ነበር፣ እራት የያዝንበት ቤትም አልፎናል። በካሊፎርኒያ ሕግ በደሙ ውስጥ 0.08 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ አልኮል ያለበት ሰው መንዳት አይፈቀድለትም፤ ፈርቼ የነበረው ፖሊስን ነው፣ ከዚያ በኋላ ግን ፖሊሱ ትዝም አላለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማረፊያ የምመርጥበት መነጽር ተለወጠ። የአልጋውን ፎቶ፣ የመዋኛ ገንዳውን፣ የቁርሱን ዓይነት ከማየቴ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ በዚያ ቀን የመጨረሻውን ብርጭቆ ከማስቀምጥበት ጠረጴዛ እስከ አልጋዬ ድረስ በምን እሄዳለሁ? በእግሬ ከሆነ ጥሩ። የማይጠጣ ሰው አብሮን ካለ ጥሩ። በሰዓት የሚከፈለው ሹፌር ካለ ጥሩ፤ የራሳችሁን መኪና የሚነዱላችሁ ሹፌሮችም አሉ፣ ዋጋው ከሙሉ ጉብኝት ይቀላል። "እዚያ ስንደርስ እናያለን" ከሆነ መልሱ፣ ያ ማረፊያ አይሆንም። "ታክሲ እንጠራለን" የሚለውም በናፓና በሳንታ ሮዛ ከተሞች እንጂ በሰሜኑ ሸለቆ፣ በተለይ ከመሸ በኋላ፣ የሚያስተማምን አይደለም።

ያ ሌሊት ገና አላለቀም ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሄሊኮፕተር ጣራችን ላይ ያረፈ መሰለን። ባለቤቴ ደንግጦ ተነሣ። መስኮቱን ስንከፍት ማሳው መሀል ረጅም ምሰሶ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ይሽከረከራል፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው። እስኪነጋ አላቆመም። ጠዋት የማረፊያው ሴትዮ በትሕትና አስረዳችን። ከማርች እስከ ሜይ ባለው ጊዜ የወይኑ እንቡጥ ገና ለስላሳ ስለሆነ አንድ ሌሊት ውርጭ ከመታው የዓመቱ ምርት ሊጠፋ ይችላል፤ ማራገቢያው ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ወደ ታች እየሳበ ከማሳው ቅዝቃዜ ጋር ያደባልቀዋል። ገበሬው ልጆቹን የሚያሳድገው በዚህ ነው፤ ልንቆጣ አንችልም። ማወቅ ግን ነበረብን። ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ባለው የአጨዳ ወቅትም ወይኑ ቀዝቀዝ እንዳለ እንዲሰበሰብ በሌሊት በመብራት ይለቅማሉ፣ ትራክተር ይመላለሳል። "የማሳ ዕይታ ያለው ክፍል" ተጨማሪ የሚያስከፍል ነገር ነው፤ በእነዚህ ወራት የምትሄዱና እንቅልፋችሁ በቀላሉ የሚረበሽ ከሆነ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ ርካሹን ክፍል ያዙ፣ ማሳውን ቀን ወጥታችሁ ታዩታላችሁ።

በሁለተኛው ጉዞ ይህን ሁሉ ያስተካከልኩ መስሎኝ ነበር። በ2019 ኦክቶበር ሂልድስበርግን መረጥኩ። ሂልድስበርግ በሶኖማ ካውንቲ ሰሜን ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ መሀሏ ላይ ዛፍ የሞላበት አደባባይ አለ፣ ዙሪያውን የቅምሻ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ከበውታል። ሆቴላችን ከአደባባዩ ሁለት መንገድ ብቻ ይርቅ ነበር። በእግር ሄዶ በእግር መመለስ ነው። በዚህ በኩል አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት ከሦስት ወር በፊት ስከፍል ነው። ሁለት ዋጋ ነበር፤ መሰረዝ የሚቻለው፣ እና ወደ 40 ዶላር የሚቀንሰው "የማይመለስ"። የማይመለሰውን ያዝኩ።

ረቡዕ ማታ፣ ኦክቶበር 23፣ ከጋይዘርቪል በስተሰሜን ምሥራቅ እሳት ተነሣ። በኋላ ኪንኬድ ተብሎ የተጠራው ነው። ጋይዘርቪል ከሂልድስበርግ ስምንት ማይል ገደማ ነው። ሐሙስ ሆቴሉ ዘንድ ደወልኩ፤ "ክፍት ነን፣ ከተማው ደህና ነው፣ ገንዘብ ግን አንመልስም" አሉኝ። ባለቤቴ "እንቅር" አለ። እኔ የከፈልነውን ደመርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ወደ እሳት አቅጣጫ የነዳነው ለ600 ዶላር ብለን ነው።

ዓርብ ማታ አደባባዩ ላይ እራት ስንበላ ጭሱ ይሸታል፣ አስተናጋጆቹ ዝም ብለው በር በር ያያሉ። ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ኃይለኛ ነፋስ ስለሚጠበቅ መብራት እንደሚቋረጥ ተነግሯል። ቅዳሜ ጠዋት ስልኮቻችን በአንድ ጊዜ ጮኹ፤ ሂልድስበርግና ጎረቤቷ ዊንዘር በሙሉ ከቀትር በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ለቀው እንዲወጡ ታዘዘ። ሆቴሉ ኮሪደር ውስጥ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ስልኳን ይዛ ስታለቅስ አየኋት፤ ቤቷ እዚያው ከተማ ነው፣ ልጆቿን የሚያወጣላት ሰው ትፈልጋለች። እኛ ቦርሳ ተሸክመን የምንወጣ እንግዶች ነን፣ እሷ ቤቷን ነው የምትተወው። መኪናችን ውስጥ የነበረው ነዳጅ ሩብ ብቻ ነው፤ ማደያዎቹ ሰልፍ ናቸው። በሃይዌይ 101 ወደ ደቡብ እያዘገምን ቤታችን ስንደርስ መሽቶ ነበር። እሳቱ ከ77 ሺህ ኤከር በላይ አቃጥሎ፣ ከ180 ሺህ በላይ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተው፣ እንደ እግዚአብሔር ቸርነት የሞተ ሰው ሳይኖር ነው የጠፋው። የሂልድስበርግ መሀል ከተማም ተረፈ። ሆቴሉ የቅዳሜውን ሌሊት መለሰልን፣ የዓርቡን አልመለሰም። ስለ ገንዘቡ አይደለም የማነሣው፤ የማይመለስ ክፍያ ሰውን ከማስተዋል በላይ እንደሚጎትተው በራሴ ስላየሁ ነው።

እሳት በዚያ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በ2017 ኦክቶበር ካሊስቶጋ አጠገብ የተነሣው ተብስ የተባለው እሳት በአንድ ሌሊት ተራራውን አልፎ ሳንታ ሮዛ ከተማ ገብቷል። በ2020 ሴፕቴምበር መጨረሻ ደግሞ በሴንት ሄሊናና በካሊስቶጋ ዙሪያ ግላስ የተባለው እሳት ብዙ ቤትና ማረፊያ አውድሟል። ይህን የምለው እንዳትሄዱ አይደለም። ኑሯቸው በእንግዳ ላይ የቆመ ሰዎች ናቸው፣ ከእሳቱ በኋላ የሄደ ሰው ምን ያህል እንደሚደሰቱበት አይቻለሁ። ነገር ግን በሴፕቴምበርና በኦክቶበር የምትሄዱ ከሆነ፣ ከመግቢያው ሁለት ወይም ሦስት ቀን በፊት እንኳ መሰረዝ የሚቻለውን ዋጋ ክፈሉ። ልዩነቱን እንደ ኢንሹራንስ ቁጠሩት። የካሊፎርኒያ ሕግ ከጁላይ 2024 ጀምሮ አንድ ነገር ጨምሮላችኋል፦ ቦታ የያዛችሁት ከመግቢያው ቢያንስ 72 ሰዓት ቀድማችሁ ከሆነ፣ በያዛችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ምንም ቅጣት መሰረዝ ትችላላችሁ። ማታ ተቻኩላችሁ ከያዛችሁት ጠዋት በሰከነ ልብ እንደገና እዩት ማለት ነው።

ሌላም ልጨምር። ስትደርሱ የአካባቢው የአደጋ ማስጠንቀቂያ ወደ ስልካችሁ እንዲመጣ እንዴት እንደሚመዘገቡ ማረፊያችሁን ጠይቁ። ዋች ዱቲ የተባለውን የእሳት መከታተያ መተግበሪያም ጫኑ፤ በ2021 እዚያው ሶኖማ አካባቢ የተጀመረ ነው። የመኪናችሁን ታንክ ሳትሞሉ አትደሩ። ማረፊያችሁ ተራራ ላይ ከሆነ መውጫው ስንት መንገድ እንደሆነ ጠይቁ፤ "አንድ ብቻ" ካሏችሁ በእሳት ወቅት እኔ አላድርበትም። መብራት ሲጠፋ የጉድጓድ ውኃ የሚስብ ቤት ፓምፑ ቆሞ ውኃም እንደሚያጣ አትርሱ።

ከዚያ በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ ስሙንም አላነሣንም። በ2022 ፌብሩዋሪ ነው ባለቤቴ ራሱ "እንደገና እንሞክር" ያለኝ። በዚህ ጊዜ ነገሩን ገልብጬ ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ወቅቱን፣ ከዚያ ከተማውን፣ ከዚያ ማረፊያውን፣ ቅምሻውን መጨረሻ። የመረጥነው ሶኖማ ከተማን ነው። እዚያ ስምንት ኤከር የሚሰፋ አደባባይ አለ፤ በአንዱ ማዕዘን በ1823 የተመሠረተው የካቶሊክ ሚሲዮን እስከ ዛሬ አለ፣ በዙሪያው ባሉት ጎዳናዎች ደግሞ ብዙ የቅምሻ ቤቶች ተደርድረዋል። ማክሰኞ ገብተን ሐሙስ ወጣን። ለሁለቱ ሌሊት የከፈልነው በኦክቶበር ለአንድ ሌሊት ከከፈልነው ብዙም አይበልጥም ነበር።

ፌብሩዋሪ የሞተ ወር ነው የሚሉ አሉ። ወይኑ ቅጠል የለውም፣ እውነት ነው። በተርታው መሀል ግን ቢጫ የሰናፍጭ አበባ ምድሩን ይሸፍነዋል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ዓይን አይጠግብም። የሚቀዱላችሁ ሰዎችም ጊዜ አላቸው። በአንዱ ቤት ከቀጂው ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ አፈር ስናወራ ቆየን፤ በኦክቶበር ቅዳሜ ይህ አይታሰብም። ጉድለቱን ልንገራችሁ፦ ማክሰኞና ረቡዕ የሚዘጉ ምግብ ቤቶችና ቅምሻ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ እራታችሁን ቀድማችሁ አጣሩ። እኛ መኪናዋን ማክሰኞ እንዳቆምናት ሐሙስ ጠዋት ነው ያስነሣናት። አንድ ጊዜ ማታ በእግር ስንመለስ ባለቤቴ ቆመና "ያኔ ቁልፉን የነቀልኩበት ማሳ በር ትዝ ይልሻል?" አለኝ። ትዝ ይለኛል አልኩት። ሌላ አልተነጋገርንም፣ እጄን ይዞ ሄድን።

ሰዎች ሲደውሉልኝ "የትኛው ከተማ ይሻላል?" ይሉኛል። ከማን ጋር እንደምትሄዱ ነው የምጠይቀው። ዋጋ ለሚያስጨንቀው ናፓ ከተማ ራሱ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሆቴል አለ፣ በመሀል ከተማው በእግር የሚደረስባቸው የቅምሻ ቤቶች አሉ፣ ታክሲም ይገኛል። በሜይ መጨረሻ በሜሞሪያል ዴይ ሰንበት ግን ቦትልሮክ የተባለው ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል እዚያ ስለሚካሄድ የክፍል ዋጋ እንደ እሳት ይሆናል፤ ያን ሳምንት ዝለሉት። ዩንትቪል ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር የምትታለፍ፣ ምግቧ ዝነኛ፣ ዋጋዋም እንደ ዝናዋ ነው፤ ለአንድ ሌሊት ክብረ በዓል እንጂ ለቤተሰብ አልመክራትም። ሴንት ሄሊና መሀል ላይ ናት፣ ቆንጆ ናት፣ ከመሀል ከተማው ከወጣችሁ ግን ያለ መኪና አይሆንም። ሳንታ ሮዛ ትልቅ ከተማ ስለሆነች ርካሽ ክፍል ታገኛላችሁ፤ ቀን በመኪና መዞር ግድ ነው፣ የማይጠጣ ሹፌር ያለው ቡድን ይሂድባት። ከወንዙ ዳር ያለችው ገርንቪል በረጃጅሞቹ የሬድዉድ ዛፎች መሀል ናት፣ በበጋ ደስ ትላለች፤ በክረምት ግን የራሺያን ወንዝ ይሞላል፣ በ2019 ፌብሩዋሪ ከተማዋ ውኃ ውስጥ ነበረች። አንድ ስህተት ደግሞ ሁሉም ይሠራዋል፦ "ሶኖማ አድረን ናፓ እንቀምሳለን" ይላሉ። በመሀሉ የማያካማስ ተራሮች አሉ፤ በላዩ የሚያልፈው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ ከቅምሻ በኋላ የሚነዳ አይደለም። ለሁለት ሌሊት አንዱን ሸለቆ ምረጡ፣ በቀን ከሁለት ቅምሻ አትለፉ። በናፓ አንዱ ቅምሻ ብዙ ቦታ ከ50 ዶላር በላይ ስለሆነ ኪሳችሁም ያመሰግናችኋል።

ስለ አሮጌዎቹ የእንግዳ ቤቶችም አንድ ቃል። በመቶ ዓመት ቤት ውስጥ ማደር ደስ ይላል፤ ነገር ግን ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ ቁርስ በተወሰነ ሰዓት ከማታውቁት ሰው ጋር ነው፣ አንዳንዶቹ ልጅ አይቀበሉም። በጁላይና በኦገስት የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል ክፍሉ ማቀዝቀዣ እንዳለው ጠይቁ፤ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ሳያስገቡ የቀሩ አሉ። የገዛችሁትን ወይን ጠጅ የሚያስቀምጡበት ቀዝቃዛ ቦታም ካላቸው ጠይቁ። መኪና ውስጥ የዋለ ጠርሙስ ይበላሻል፤ እኔ ሦስት ጠርሙስ በዚህ አጥቻለሁ። ይህን ሁሉ በኢሜይል ሳይሆን ደውላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከሚሰጠው ሰው ድምፅ ብዙ ነገር ይታወቃል።

አምና እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ስለነበር ካሊስቶጋ ወሰድናት። እማዬ ወይን ጠጅ አትቀምስም፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ደም ግፊትም አለባት። ካሊስቶጋ በፍል ውኃዋ የታወቀች ናት፤ ብዙዎቹ ማረፊያዎች የራሳቸው የፍል ውኃ ገንዳ አላቸው። ስደውል የጠየቅኩት ሦስት ነገር ነው፦ ምድር ቤት ክፍል አላችሁ ወይ፣ ገንዳው መግቢያ ላይ መደገፊያ ብረት አለው ወይ፣ መታጠቢያው ቀጥ ብለው የሚገቡበት ነው ወይስ ጠርዙን ተሻግረው የሚገቡበት። ሁለት ቦታ "ይመስለኛል" አሉኝ፣ ተውኳቸው። በሦስተኛው ያነሣችው ልጅ "አንድ ደቂቃ ይጠብቁኝ" ብላ ሄዳ ክፍሉን አይታ ተመለሰች፣ ብረቱ በየትኛው እጅ በኩል እንዳለ ሁሉ ነገረችኝ። እዚያው ያዝኩ። በእሳተ ገሞራ አመድ የሚሠራው የጭቃ መታጠቢያ ሙቀቱ ለደም ግፊት ስለማይሆን ቀረብን፤ ሐኪሟን ጠይቀን በለዘበው ገንዳ ብቻ አስገባናት።

ከሰዓት በኋላ እኔና ባለቤቴ በእግራችን ወጣ ብለን አንድ ቦታ ቀምሰን ስንመለስ፣ እማዬ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። እግሯን ከውኃው አላወጣችም። "ነገም እዚሁ ነን አይደል?" አለችኝ። እስከ ነገ ወዲያ ነን አልኳት።